የሌባሻይ ክፍል

ከድሬ የተነሳው የጠዋቱ ሚኒባስ
ደንገጎን እያቃሰተ ወጥቶ ሐረር ሲደርስ
ዝናቡ አባርቶ፣ ግንቡ ገና እርጥብ ነበር።
ልጄ ጅብ ልታይ ነው የመጣችው። "በማታ ነው" አልኳት፤
መኪና ግርግርን ዘልቀን ከአንድ አረንጓዴ በር
ገባን፣ ሰዓት ለመግደል ያህል።

ሃምሳ ብር ከፈልን፤ ጫማ አወለቅን።
ቲኬት የቆረጡት አው ነስረዲን
"ላይ ጌጣጌጥና መጽሐፍ ነው" አሉን፤
"ታች ግን" ብለው ልጄን አዩ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፤
"ታች ፍርድ ነው" አሉና ማብሪያውን ግድግዳ ላይ ዳበሱ፣
አጡት፣ ደግሞ ፈለጉ።

ቀይ ወለል። የመዳፍ ያህል መስኮት።
በመስታወት ውስጥ አንድ ኩባያ፣ አፉ የተሸረፈ፣
አንድ ጋያ፣ አንድ የጠፍር ገመድ
ላብ ከነጨው የደረቀበት፤
ከጎኑ በታይፕ የተመታ ጽሑፍ፣ ግማሹ የረገፈ።

ከአንድ ግራዝማች ቤት ስድሳ ጠገራ ብር ጠፋ።
ባለ መድኃኒቱ መጣ፤ ልጁን ይዞ መጣ፤
ልጁ በወተት የተበጠበጠውን ጠጣ፣
ጋያውን ሳበ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ አረፋ ደፈቀ፤
ወገቡን በገመድ ይዘው ለቀቁት።
አጥር እየገጨ፣ ገበያ እየሰነጠቀ፣
ሲሮጥ ሲወድቅ ውሎ ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት ዘው አለና
አልጋ ላይ ወጥቶ አንኮራፋ።

አልጋው የትርንጎ ነበር።

ምስክር አልተጠራ፣ ዋስ አልተጠየቀ፤
የተኛው ፈረደ፤ የነቃው አጸደቀ።
ላሟ ተነዳ፣ የባሏ ወናፍ ተቀደደ፣
እሷ በኤረር በር ሌሊት ወጣች፤
ሲነጋ ወሬው ሌላ ወሬ ወለደ፦
"ሌባ ብቻ መች ሆነችና! ጅብ ሆና ሄደች፤
ዱካዋን አይቻለሁ" የሚል ሰው መቼ ይጠፋል።
ከገጹ ግርጌ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም እንዲህ ይላል፦

ብሩ ተገኘ።

የት? ከማን? ከበቅሎው ኮርቻ ስር? ከእመቤቲቱ ሣጥን?
አይልም። ሁለት ቃል ነው። አራት ነጥብ እንኳ አለው።
ልጄ መስታወቱን በትንፋሿ አደበዘዘችው፤
"ልጁስ?" አለች። "ሲነቃ ምን አሉት?"
አው ነስረዲን ሪዛቸውን አሹ። "ስሙም የለ" አሉ፤ "አልጻፉት።"

እኔ ግን አውቀዋለሁ።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ከደቻቱ ማዶ።
እንግዳወርቅ ከጎኔ ትቀመጥ ነበር፤ አባቷ ለገሀር
ለባቡሩ ብረት ይቀጠቅጣል። ደብተሯ በጋዜጣ የተለበደ፣
ጽሕፈቷ ከኔ የሚያምር።
አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አራት ጥሬ ማንጎ
በጨውና በሚጥሚጣ ውጬ ሆዴን ቆረጠኝ፤
ቤት ስደርስ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።
ጎረቤት ተጠራራ፤ ጭስ አጨሱብኝ፣
ጤና አዳም አፍንጫዬ ውስጥ ጨመቁ፤
"ለፍልፍ! ማነህ? የት አገኘሃት?" እያሉ ጠየቁ፣
ደግመው ጠየቁ።
ጭሱ እንዲቆምልኝ ብቻ ስሟን ሰጠኋቸው።
ከዚያ ተኛሁ። እንዴት ያለ እንቅልፍ!

ሰኞ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነበርኩ።
እሷን ኋላ አስቀመጧት፣ ለብቻዋ፤
በሳምንቱ ኋላውም ባዶ ሆነ።
ወዴት ሄዱ ያለ የለም። እኔም አላልኩ።

መውጫው ላይ የጎብኚ መዝገብ አለ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረ።
ከበላዬ አንዱ "በጣም ቆንጆ ነው፣ በርቱ" ብሏል።
ስሜን ጻፍኩ፤ የመጣሁበትን፤ ቀኑን፤
አስተያየት በሚለው ቦታ ደግሞ፦

ማንጎው ጥሬ ነበር።

ሦስት ቃል። ከእነሱ በአንድ በለጥኩ።
አው ነስረዲን አነበቡት፣ ቀና ብለው አዩኝ፣ ደግመው አነበቡት፤
"ይሄ ምስጋና ነው ወይስ አቤቱታ?" አሉኝ።
ልጄ ጅቡ እንዳያመልጣት እጄን ትጎትታለች።
እንጃ፣ አልኳቸው፤
ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ግራና ቀኙን አሳስቼ።